ከሒሳብ በኋላ፣ ከፊዚክስ በፊት

ሀናን ሸረፈዲን ከሒሳብ ፈተናው ክፍል ስትወጣ ከአምስት ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፎ ነበር። የግንቦት ፀሐይ የቆቦን አናት ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ግቢ አሸዋ በጫማዋ ሶል በኩል ሳይቀር እግሯን ይለበልባታል። ከሰዓት በስምንት ሰዓት ፊዚክስ አለ፤ ተፈታኝ ሁሉ ደግሞ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሳይሆን በሩ ላይ ይገኝ ተብሏል። እስከዚያ ድረስ ምሳ መብላት፣ ዙህር መስገድ፣ ከተቻለም የጠዋቱን መርሳት ነበረባት።

የጠዋቱ ለሷ ጥሩ አልነበረም። ሰባት ጥያቄዎች ላይ መላው ሲጠፋት ዓይኗን ጨፍና «ሲ» ብላ አጥቁራለች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ገና በቅጡ አልነገረችው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነበር። አሥረኛ ክፍል ያን ጊዜ የመንገድ መለያያ ነው፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈም የየራሱን ዕድል ይፈልጋል።

ከግቢው በር ወጣ ብሎ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከማናለብሽ ጋር ሊገናኙ ተቀጣጥረው ነበር። ማናለብሽ የክፍል ጓደኛዋም የቤት ተጋሪዋም ናት። ሁለቱም የገጠር ልጆች ናቸው፤ ሀናን ከዞብል ተራራ ሥር፣ ማናለብሽ ከዋጃ ወዲያ ካለ ቀበሌ። ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገቡ የመጡ ዕለት ሰልፍ ላይ ተዋወቁ፤ ሰልፉ ሳያልቅም አብረው ቤት ሊከራዩ ተስማሙ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ በእትዬ አስረሳሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየቤታቸው ይሄዱና እሁድ ስንቃቸውን በዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ሥጋ የመጣ ዕለት ብቻ ሌላ ድስት ከጎረቤት ይዋሳሉ። የቀረው ሁሉ የጋራ ነው።

ከኒሙ ሥር ግን ማናለብሽ የለችም። ሀናን ዙሪያውን ተመለከተች። ተማሪው በየቡድኑ ተሰብስቦ «አንቺ ስንት አመጣሽለት?» «አንተስ ምን አልክ?» ይባባላል። ራህመት የምትባል የክፍላቸው ልጅ አየቻትና ጠጋ አለች።

«ማናለብሽን ነው የምትፈልጊው? እያለቀሰች ወደ መናኸሪያው ስትሮጥ አየኋት።»

«ምን ሆና?»

«እኔ ምን አውቄ! ብጠይቃትም አልመለሰችልኝም።»

የሀናን ልብ ስንጥቅ አለ። ሰው ሞቶባት ይሆን? ማናለብሽ በረባ ባልረባው የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። በዚያ ላይ ሒሳብ የሷ ነው። ሀናን በኤክስ ፍለጋ ስትደናበር «የጠፋ ፍየል እንደምትፈልጊ አድርገሽ ፈልጊው፤ መጀመሪያ የሌለበትን ቦታ አውጪ» እያለች ያስተማረቻት እሷ ናት። ሒሳብ ያስለቀሳት እንደሆነ ደግሞ ከሞትም አይተናነስም።

ወደ አስፋልቱ ወጥታ ታሂርን አገኘችው። ታሂር የመንደሯ ልጅ ነው፤ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ዓመቱ ነው።

«ወንድሜ፣ ቶሎ መናኸሪያ አድርሰኝ! ማናለብሽ ልትሄድብኝ ነው።»

«ፈተና አላችሁ አይደል እንዴ?»

«እሱ እኮ ነው!»

ታሂር ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በፍየሎቹና በጋሪዎቹ መሃል እየተሽሎከለከ ወሰዳት።

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዋጃ! አላማጣ! አንድ ሰው ነው የቀረው! አንድ ሰው!» ይላል። ሀናን በየመስኮቱ እያየች ስትዞር ማናለብሽን ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ አገኘቻት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ አንገቷን ደፍታለች። ሀናን ሰዉን እየገፋች ገባችና አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ማኔ! ምን ሆነሽ ነው? ከቤት ክፉ ነገር ሰማሽ?»

ማናለብሽ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ሒሳቡን ገደልኩት።»

«አንቺ?»

«ሀያ ሦስተኛው ጥያቄ አስቸገረኝና በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ዘለልኩት። መልስ ሳጠቁር ግን ቦታውን ባዶ መተዌን እንጃ። የሀያ አራቱን ሀያ ሦስት ላይ፣ የሀያ አምስቱን ሀያ አራት ላይ እያደረግኩ… ሁሉም በአንድ መስመር ተንሸራትቷል፣ ሀኑ። ወረቀቱን አስረክቤ ከወጣሁ በኋላ ነው ድንገት የመጣብኝ። አለቀልኝ።» እንባዋ እንደገና ፈሰሰ። «ፊዚክሱን ብፈተንስ ምን ሊረባኝ? እናቴ ጋ ልሂድ።»

ሀናን እጇን ያዘቻት። በዚህ መሃል የሚኒባሱ በር ዷ ብሎ ተዘጋ።

«ሞልቷል! ሳበው!» አለ ረዳቱ።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሀናን የተቀመጠችበት ወንበር ያ ሲጠራ የነበረው የመጨረሻው ወንበር መሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ወራጅ!»

«ገና ሳንነሳ የምን ወራጅ ነው?» ረዳቱ ዞሮ አፈጠጠባት።

«እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም! ሁለታችንም ተፈታኞች ነን፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና አለን።»

«እኔ አልወርድም» አለች ማናለብሽ።

«አንዷ ትወርዳለች፣ አንዷ አትወርድም!» ረዳቱ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። «በሉ ቶሎ ተስማሙ፤ ሰው በሙቀት አለቀ!»

ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ዶሮ የታቀፈች አንዲት ሴት «ምን ተሆነና ነው?» አለች። ሀናን በአጭሩ ነገረቻቸው። ወዲያው መኪናው የሽምግልና ቦታ ሆነ። አንዱ ትውረድ ይላል፤ አንዱ ተዉአት፣ ልቧ ተሰብሯል ይላል፤ ባለ ዶሮዋ ሴት «ወይኔ ልጄን!» እያለች ከንፈሯን ትመጣለች። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በጉልበቶቻቸው መሃል እንዳቆሙ ሲሰሙ ቆዩና ድምፃቸውን አሰሙ።

«ልጄ፣ የጠዋቱ ተበላሸብኝ ነው የምትይ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የከሰዓቱስ?»

«የከሰዓቱ… ገና ነው።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ስለ ፈተናም አላውቅም። ግን አንዲት ላም የጠፋችበት ሰው ሁለተኛዋን ፈቶ ሲለቅ አይቼ አላውቅ። የቀረችውን አጥብቆ ነው የሚያስራት። ውረጂ። እናትሽ እንደሆነች የትም አትሄድ።»

ማናለብሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነሳች። ባለ ዶሮዋ ሴት እንድታልፍ ጉልበቷን ሰብሰብ አደረገችላት፤ ስታልፍም ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ወርደው በሩ ሲዘጋ ረዳቱ «ሁለት ሰው! ዋጃ፣ አላማጣ፣ ሁለት ሰው!» ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ።

ታሂር ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃቸው። ቤት ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ሀናን ግቢውን ስትከፍት ሌላ ጣጣ ጠበቃት። የእትዬ አስረሳሽ ማእድ ቤት በቁልፍ ተከርችሟል። የጎረቤት ሴት በአጥሩ በኩል «ለቅሶ ሰምታ ጎብዬ ወርዳለች፤ ቁልፉን ረስታ ይዛው ሄደች» አለቻቸው። ከሰሉም ምድጃውም እዚያ ውስጥ ነው። ሀናን ወደ ክፍላቸው ገብታ እንጀራው የተጠቀለለበትን ፌስታል ፈታች። በዚያ ሙቀት እሁድ የመጣ እንጀራ ለረቡዕ አይደርስም፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል። ውጭ እንዳይበሉ የከተማው ምግብ ቤቶች ከየገጠሩ በመጣው ተፈታኝ ጢም ብለዋል፤ አንድ ወንበር ለማግኘት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቧንቧ ከቆመ ሁለት ቀኑ ነው።

ማናለብሽ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሀናን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። አብራት ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት። ሰባቱ «ሲ» በየተራ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ። ከዚያ ሆዷ ጮኸ፤ እሱን ስትሰማ ራሷን ታዘበችና ቀና አለች።

ድርቆሹ አለ። እናቷ ከማሽላ እንጀራ አድርጋ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ የላከችው ድርቆሽ ከፍራሹ ራስጌ ተንጠልጥሏል። ውኃ የሚሞቅበት ያህል ጊዜ ካለ ድርቆሽ ምሳ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ የቸገራቸው ቀን ሁሉ የበሉት እሱን ነው፤ ሀናን ዓይኗን ጨፍና ብትሠራው አትስተውም።

ከቤቱ ጀርባ ሦስት ጉልቻ አስቀመጠች። እትዬ አስረሳሽ ለላሟ ካከማቸችው የማሽላ አገዳ አንድ እቅፍ መዘዘች። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ላሚቱም ይቅር ትበለኝ» አለችና ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

«ማኔ፣ ነይ።»

«አልበላም።»

«ብዪ መቼ አልኩሽ? እሳት ያዥልኝ ነው ያልኩሽ። ያለው አገዳ ነው፤ አገዳ ደግሞ ቁጭ ብለው ካልቀለቡት ወዲያው ነው የሚጠፋ። እኔ በአንድ እጄ ሽንኩርት፣ በአንድ እጄ እሳት አልችልም።»

ማናለብሽ እግሯን እየጎተተች ወጣች፤ ጉልቻው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሀናን ክብሪቱን ሰጠቻት። ደረቁ አገዳ ቦግ አለ። ማናለብሽ አንዱን ስትጨምር አንዱ ያልቃል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ትሰብራለች። ለማልቀስ እጅ አልተረፋትም።

ሀናን ካሏቸው ሦስት ሽንኩርቶች ደህናዎቹን ሁለቱን መርጣ ከተፈች። ዘይቱን ልታፈስ ጠርሙሱን ብትገለብጠው ሦስት ጠብታ ወረደና ቆመ። አራገፈችው። ምንም የለም። ዓይኗ በመደርደሪያው ላይ ሲንከራተት በሃይላንድ ጠርሙስ ያለ አንድ ነገር አየች። የማናለብሽ እናት «ፈተናው ሲደርስ ራስሽን ተቀቢው፣ አእምሮ ያቀዘቅዛል» ብላ የላከችው ለጋ ቅቤ ነው። በቆቦ ሙቀት ቀልጦ እንደ ዘይት ይንቦጫረቃል። ሀናን አንስታ ይዛው ወጣች።

ማናለብሽ አየቻት። «ሀኑ! የራስ ቅቤዬን?»

«ራስሽ ዛሬ የበቃውን ሠርቷል። ሆድሽ ነው የተራበ።»

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም አይጾምም፤ ቅቤው የጋለ ድስት ላይ ሲወርድ ጮኸ። ሽንኩርቱ ተጨመረበት። የማናለብሽ አፍንጫ ተንቀሳቀሰ፤ ሀናን አይታታለች። ጠዋት ሁለቱም አፋቸው ላይ ቁርስ አላዞሩም ነበር።

ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ። ሀናን ያላትን ውኃ ተመለከተች። ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ የቀረው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ከሱ ለድስቱ፣ ከሱ ለውዱእ፣ ከሱ ለመጠጥ። ለድስቱ የሚሆነውን በጣሳ ለየች፤ ለመጠጥ ትንሽ አስቀረች፤ በተረፈው እየቆጠበች፣ ጠብታ ሳታባክን ውዱእ አደረገች።

«በርበሬውን ገና አልጨመርኩትም» አለች ፊቷን እያበሰች። «ሽንኩርቱ ሲበስል አንድ ማንኪያ ተኩል ጨምሪበት። ወዲያው ውኃ ጠብ አድርጊበት እንጂ እንዳታሳርሪው።»

«በርበሬ ማቁላላት አሁን ካንቺ ልማር ነው?» አለች ማናለብሽ። ድምፅዋ ቆጣ ያለ ነበር፤ ሀናን ግን በቁጣዋ ደስ አላት። ከመናኸሪያው ወዲህ ሰው የመሰለችበት የመጀመሪያዋ ንግግር ናት።

ክፍሉ ውስጥ ምንጣፏን ዘርግታ ሰገደች። ከውጭ የድስቱ ድምፅ፣ የአገዳው መንጣጣት፣ የማማሰያው መጋጨት ይሰማታል። ልቧን ለመሰብሰብ ታገለች። ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ለፊዚክሱም፣ ለማናለብሽም፣ ለሰባቱ «ሲ»ም ዱዓ አደረገች። የበርበሬው ሽታ እስከ ምንጣፏ ድረስ መጥቶ ጉሮሮዋን ከነከናትና አስነጠሳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ተነሳች።

ስትወጣ ቁሌቱ ቀልቷል፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል፤ ማናለብሽ ውኃውን ጨምራ፣ ጨው ነስንሳ፣ በማማሰያው ጫፍ እየቀመሰች ነው። ሀናን ከረጢቱን ፈትታ ድርቆሹን በሁለት እጇ እያደቀቀች ትጨምር ጀመር። የማሽላ ድርቆሽ ጠንካራ ነው፤ እየተንኮሻኮሸ ወደ መረቁ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ መረቁን ጠጥቶ አበጠ፤ ቀይ ሆነ። ማናለብሽ የመጨረሻዋን አገዳ ወደ ጎን መለሰች፤ ሀናን ድስቱን ከደነችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሀናን ቁጭ እያለች። «ሀያ ሦስተኛውን ዘለልሽው። ከዚያ ተመልሰሽ መጣሽበት ወይስ ሳትመለሺ ቀረሽ?»

«ተመልሻለሁ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር።»

«አጠቆርሽው?»

«አዎ፣ ‹ቢ› ብያለሁ። በኋላ ሳስበው ልክ ነው መሰለኝ።»

«ስትመለሺ ቦታው ባዶ ነበር?»

«አዎ፣ ባዶ ነበር። ለዚህ አይደል ያጠቆ…»

ማናለብሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሀናን ድስቱን ከፍታ አማሰለችና መልሳ ከደነችው። አላጣደፈቻትም።

«ባዶ ነበር» አለች ማናለብሽ እንደገና፤ አሁን ለራሷ ነው። «የሀያ አራቱን እዚያ ላይ አጥቁሬው ቢሆን… ባዶ አይሆንም ነበር።»

«የመጨረሻውንስ? ስልሳ አምስተኛውን የት አጠቆርሽ?»

«መጨረሻ ላይ። ከሱ በታች መስመር የለም። ባዶ የቀረም የለም፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተንሸራተተ?»

ማናለብሽ በአመድ የተነካ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ግንባሯ ላይ አምስት ጣት ቀረ። «ወይ እግዚአብሔር!» አለች። «ወይ እግዚአብሔር! ታዲያ ምን አስሮጠኝ?»

«እኔማ ምን አውቄ! ፍየሏ ቤት ተኝታ አንቺ በረሃ ለበረሃ!»

ሳቅ ያዛቸው። መጀመሪያ ማናለብሽ ነች የጀመረችው፤ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ወደቁ። ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ደህና ናችሁ?» አለች፤ ሊመልሱላት አልቻሉም። ማናለብሽ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች «በዚያች ሚኒባስ ብሄድ ኖሮ እናቴ በምን ነበር የምትመታኝ?» አለች፤ እንደገና ሳቁ።

ድርቆሹን በትሪ ገለበጡት። እንፋሎቱ ወጣ። ሀናን «ቢስሚላህ» አለች፤ ማናለብሽ አማተበች፤ እጃቸው እኩል ገባ። ቅቤው ለጋ ነው፤ በርበሬው ልክ ነው፤ ድርቆሹ ከውጭ ለስልሶ ውስጡ ገና ጥርስ ላይ ይሰማል። ሀናን ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ብዙ ድግስ በላች፤ የዚያን ቀን ያህል የጣመ ነገር ግን ትዝ አይላትም። ረሃባቸው ጋብ ሲል ሀናን አንድ ጉርሻ ጠቀለለችና ለማናለብሽ አጎረሰቻት። ማናለብሽም አጎረሰቻት።

«አንቺስ?» አለች ማናለብሽ እያኘከች። «እኔ ብቻ ነኝ ያወራሁ። ሒሳቡ እንዴት ነበር?»

ሀናን ለመዋሸት አስባ ነበር። ከጠገቡ በኋላ ግን መዋሸትም ሰነፋት። «ሰባቱን ‹ሲ› ብያለሁ።»

«ሰባት ሙሉ?»

«አንድ ሁለቱ መቼም አይስቱም ብዬ ነዋ!»

«የትኞቹን?» ማናለብሽ ጠየቀቻት፤ ሀናን ያስታወሰችውን ነገረቻት። ማናለብሽ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ አሰበችና «ሦስቱ ይዘውልሻል» አለች። «አብሽሪ፤ አይጥልሽም።» የሙስሊሞቹን አብሽሪ ከሀናን ከተማረች ቆይታለች።

በነሐሴ መጨረሻ ውጤት ሲመጣ ማናለብሽ በሒሳብ «ኤ» አመጣች። ሀናን ደግሞ «ሲ»። «ሲ ሰጠኋቸው፣ ሲ መለሱልኝ» እያለች ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር። በፊዚክስ ግን ከማናለብሽ በልጣለች፤ እሱን ማናለብሽ አትክድም። ሁለቱም አልፈው መሰናዶ ገቡ። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቁት ትሪው ባዶ መሆኑንና ሰዓቱ መድረሱን ብቻ ነው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሰባት ተኩል!»

የቀረችውን ውኃ ተካፍለው ጠጡ፤ ለእጅ መታጠቢያ ግን አልተረፈም። እጃቸውን በአሸዋ አሽተው፣ ማናለብሽ ግንባሯን በነጠላ ጠርጋ፣ የመፈተኛ ካርዳቸውን ይዘው ሮጡ። መንገዱ ላይ ጥላ የለም። ሀናን እየሮጠች የኦምን ሕግ ትወጣለች፤ ማናለብሽ ከኋላ «ተቃራኒ ነው! ተቃራኒ! ሬዚስታንሱ ሲጨምር ከረንቱ ይቀንሳል!» እያለች ታርማታለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ፈታሹ መምህር ካርዳቸውን ተቀብሎ አገላበጠ፤ አሸተተ፤ ቀና ብሎ አያቸው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምሳ ነው፣ ቲቸር» አለች ማናለብሽ።

«ድርቆሽ?»

«አዎ።»

መምህሩ ከጎጃም የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ምራቁን ዋጠና «ግቡ፣ ግቡ» አላቸው።

ፊዚክሱ እንደ ፊዚክስ ነበር። አስቸጋሪውም ቀላሉም ተቀላቅሎበታል። ሀናን ግን አንድ ጥያቄ ላይ ተጣብቃ ስትቀር መጀመሪያ የማይሆኑትን መልሶች እያወጣች ጣለች፤ ሁለት ቀሩላት፤ ከሁለቱ አንዱን መረጠች። «ሲ» አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀስ ብለው፣ እየተንገዋለሉ ወደ ቤት ተመለሱ። ከዞብል በኩል ነፋስ መጥቶ ሙቀቱን ሰብሮታል። እትዬ አስረሳሽ ከጎብዬ ተመልሳ፣ የለቅሶ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ከቤቱ ጀርባ ጉልቻውና አመዱ ላይ ቆማለች።

«ይኸ የማን ሥራ ነው?» አለች።

ሀናን አፏን ከመክፈቷ በፊት ማናለብሽ ቀደመቻት። «የኔ ነው፣ እትዬ። እሳቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አገዳውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ» አለች ሀናን። «ማእድ ቤቱ ተቆልፎ ምሳ ብናጣ ነው። እናቴ እሁድ በጋሪ ትልክልዎታለች።»

እትዬ አስረሳሽ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ቁልፍ በእጇ ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። «እኔው ነኝ ለካ!» አለች። «ሰው ሞተ ሲሉኝ ልቤ ጠፍቶ… በፈተና ቀን ልጆቹን ጦም ላውላቸው ነበር? ላሚቱማ ሣር ትበላለች። ነይ፣ ኧረ ነይ፣ ክፈቺው!» ቁልፉን ለሀናን ወረወረችላት። «ጎብዬ ያሉ ዘመዶቼ ትኩስ እንጀራ አሲዘውኛል። ሽሮውን እኔ እሠራዋለሁ፤ እናንተ ዛሬ ደክማችኋል፤ ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አሉ። ማናለብሽ ጀርባዋን ለማእድ ቤቱ ግድግዳ ሰጥታ እግሯን ዘረጋች። እትዬ አስረሳሽ ሽንኩርት እየላጠች የሟቹን ደግነት፣ የለቀስተኛውን ብዛት፣ ከጎብዬ ስትመለስ መኪና ያጣችበትን ታወራለች። ሀናን ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን አትሰማም። ላሚቱ ከበረቷ ሆና ታመሰኳለች። በአስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ሰሜን አለፈ።

«ነገ ምንድን ነው ያላችሁ?» አለች እትዬ አስረሳሽ።

«ባዮሎጂ» አለች ማናለብሽ፤ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እሱስ ይከብዳል?»

ማናለብሽ ወደ ሀናን ዞረች። ሀናን ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ከበላን አይከብድም፣ እትዬ» አለች ሀናን።